ሳትወልድ ያጠባች ሸማኔ

ኢኖባት ወተት የመጣላት ልጅ ሳይመጣላት ነው። ትዳር ከያዘች አሥር ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት ነበር፤ አንድም ቀን አርግዛ አታውቅም። በሐር በታወቀችው በማርጊላን ከተማ፣ በአለቃዋ በኡስታ ዞኪር የሽመና ቤት ከመሸመኛዋ ፊት ቁጭ ብላ መወርወሪያውን ስታመላልስ፣ ደረቷ ላይ እርጥበት ይሰማታል። መጀመሪያ ላብ መሰላት። ኋላ ግን ልብሷን ስታወልቅ ነጭ ሆኖ አየችው፤ አፍራም ጥጥ በጨርቅ እየጠቀለለች ከቀሚሷ ሥር መያዝ ጀመረች። የወር አበባዋም ቆሞ ነበር። ግንባሯ አካባቢ ራሷን ያማታል። ለማን ትንገር? ላልወለደች ሴት ወተት መጣ ቢባል ሰፈሩ ምን እንደሚያወራ ታውቃለች። ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች።

አማቷ ሆዚያት ክፉ ሴት አይደሉም፤ ምላሳቸው ግን ሹል ነው። ዳቦ ሲቆርሱም ሻይ ሲቀዱም ነገር ጣል ማድረግ ይወዳሉ።

«የግቢያችን ሮማን እንኳ በሦስተኛ ዓመቱ አፈራ» ይላሉ ዛፉን እያዩ። «ሰው ከሮማን ያንሳል?»

አናጢው ባሏ ሆልማት ሳቅ እያለ፣ «እማዬ፣ ሮማኑን የምታጠጪው አንቺ ነሽ፤ እኛን ደግሞ በነገር ታደርቂናለሽ» ይላቸዋል። ኢኖባት የሻይ ስኒዎቹን ሰብስባ ትነሳለች።

የሆልማት ታናሽ ወንድም ኢርጋሽ ራሽያ አገር በግንባታ ሥራ ላይ ነው። ሚስቱ ሙኒስ በዚያው ግቢ ውስጥ ከእነሱ ጋር ትኖር ነበር። ሙኒስ በመጋቢት፣ ለፀደዩ የአዲስ ዓመት በዓል የስንዴ ቡቃያ በሚቀቀልበት ሰሞን ወንድ ልጅ ወለደች፤ ልጁ ዳነ፣ እሷ ግን አልዳነችም። ቀብሩ ባለፈ ማግስት ክፍሉ በሴቶች ተሞልቶ ሳለ ሕፃኑ አልቅሶ አልቅሶ ድምፁ ተዘጋ። ጡጦ ሲሰጡት ይተፋዋል። ከአንዷ ወደ አንዷ ሲቀባበሉት ቆይተው በመጨረሻ ኢኖባት እጅ ገባ። ደረቷ ላይ ስታስጠጋው የቀሚሷ ፊት በአንድ ጊዜ ረጠበ።

ቀድማ ያየችው ጎረቤታቸው ኩምሪ ናት። የኩምሪ ዓይን ነገር አያመልጠውም።

«ይሄ ምንድን ነው? ኢኖባት! ሴቶች፣ ኑ እዩ! ወተት ነው!»

ሴቶቹ ከበቧት። ሆዚያት ከተቀመጡበት ተነሥተው በሁለት እጃቸው ፊታቸውን አበሱ፤ «አላህ ሆይ፣ አንዱን በር ዘግተህ ሌላውን ከፈትክ» ብለው አለቀሱ። ልጁም ጡቱን አግኝቶ ጸጥ አለ። ኢኖባት፣ «ይህ ዛሬ የመጣ አይደለም፤ ዓመት አልፎታል» ልትል አፏን ከፈተች። ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ሴቶች ሁሉ በፍቅር ሲያዩዋት የመጀመሪያዋ ነበር፤ የልጁም ትንሽ እጅ ጣቷን ጨብጦ ነበር። አፏን መልሳ ዘጋችው።

የሟች እናት ማህፊራት ከናማንጋን ለቀብር መጥተው ነበር። ልጃቸውን አፈር አልብሰው፣ የልጅ ልጃቸውን ይዘው ሊሄዱ ተዘጋጅተው ሳለ ነው ይህ የሆነው። ቆመው ልጁ ሲጠባ አዩ።

«እሺ» አሉ በመጨረሻ። «ወተት ካለ ልጁ ወተቱ ባለበት ይቆይ። ወተቱ ካለቀ ግን መጥቼ እወስደዋለሁ። የሙኒስ ሽታ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።»

ኢርጋሽም በስልክ እያለቀሰ፣ «እናቶች የተስማሙበትን እኔ አላፈርስም» አለ። ልጁን አማንጆን አሉት።

ከዚያ ወዲህ የኢኖባት ኑሮ ተለወጠ። ወተቱ የመጣላት ባለፈው መኸር የቅዱሳንን መቃብር ስለተሳለመች ነው አሉ ሰፈርተኞቹ። ያልወለዱ ሴቶች መጥተው ቀሚሷን ይነካሉ፤ አንዷ ዓይኑ ለታመመ ልጇ ጠብታ ለመነቻት። ሆዚያት ዳቦውን አስቀድመው ለእሷ ይቆርሳሉ፤ ስለ ሮማኑ ዳግም አላነሡም። አንድ ትእዛዝ ብቻ ነበራቸው።

«በረከት አይቆጠርም፣ አይለካም» ይላሉ። «የዱቄት ጆንያ ውስጥ አጎንብሶ የሚያይ ሰው ዱቄቱ ያልቅበታል። ለውጭ ሰው ልጁ የማን ነው ብትባዪ፣ የኔ ነው በይ። የሙኒስ ስም አይነሣ። ዓይን ይበላዋል።»

ወተቱ በእርግጥ ልጁን አያጠግበውም ነበር፤ ጓዳ ውስጥ የጡጦ ወተት ይጨመርለታል። ግን እንቅልፍ የሚወስደው በእሷ ጡት ነው፤ ሲነቃ የሚፈልገውም እሷን ነው። ኢኖባት በየስግደቷ ማብቂያ እጆቿን ዘርግታ ታመሰግናለች። ምስጋናዋ እውነተኛ ነበር፤ ራስ ምታቷም እንደዚያው እውነተኛ ነበር።

በጋው ሲገባ ሥራዋ ተበላሸ። ኡስታ ዞኪር የሸመነችውን ሐር ዘርግቶ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ተመለከተው።

«አንቺ ሴት፣ መሃሉ የንግሥት ነው፤ ዳሩ የሰካራም! በግራም በቀኝም ድሩ ተበጥሶ አላየሽውም?»

«አላየሁትም፣ ኡስታ።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ክር በጣቷ የምትለየው ኢኖባት?»

ኩምሪ ደግሞ መንገድ ላይ አግኝታ ለወሬ ያመቻት ዘንድ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ወተት ካገኘሽ ወዲህ አንገትሽ አልዞር አለ! ሁለቴ ሰላም ብልሽ ጥለሽኝ አለፍሽ። እኛ ተራ ሴቶች ከጎንሽ አንታይሽም?» አለቻት። ኢኖባት ይቅርታ ጠየቀች። ኩምሪን በፍጹም አላየቻትም ነበር።

በመስከረም አንድ ጠዋት ኢኖባት የፈላ ውሃ ከማንቆርቆሪያው ወደ ሻይ ማፍያው ታንቆረቁራለች። አማንጆን መዳህ ጀምሯል። በድንገት ሆልማት ጮኾ ዘሎ ልጁን ከጎኗ ነጠቀው፤ የፈላው ውሃ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ።

«አላየሽውም እንዴ? ቀሚስሽን ይዞ ነበር እኮ!»

ኢኖባት ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። ልጁን ተቀብላ ጣቶቹን አንድ በአንድ እየገለጠች አየች፤ ውሃው አልነካውም። ከዚያ ተነሥታ ወደ ግቢው ወጣች።

«ና» አለችው ባሏን። «እኔ ዛፉን ብቻ ነው የማየው። አንተ ከግድግዳው ጥግ ተነሥተህ ቀስ እያልክ ወደ ዛፉ ሂድ።»

«ምን ልትጫወቺ ነው?»

«ሂድ ብዬሃለሁ።»

ሆልማት ሄደ። «አሁንስ?»

«የለህም።»

«አሁንስ? እጄን እያወዛወዝኩ ነው።»

«የለህም።»

ዛፉ ሥር ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ነው ከጉም እንደሚወጣ ሰው ብቅ ያለላት። በሌላኛው ወገንም ሞከሩት፤ ያው ነው። ሆልማት ሳቁ ከፊቱ ጠፋ።

«መጋረጃ በሁለት ወገን የወረደብኝ ይመስላል» አለች ኢኖባት። «ሐኪም ቤት እሄዳለሁ። ዛሬ ልጁን ላቃጥለው ነበር፤ ነገን መጠበቅ አልችልም።»

ሆዚያት ከበራፉ ላይ ሆነው ሰምተዋል። «ሐኪም ዘንድ ሄደሽ ምን ልትይ ነው? ወተቴን ለኩልኝ? በጣት የተነካ በረከት ይደርቃል። ከደረቀ ማህፊራት በማግስቱ ደጃችን ናት!»

«እማማ፣ ስለ ወተቱ አላወራም። ስለ ዓይኔ ነው።»

«እንግዲያው ብቻሽን አትሄጂም። እኔም እመጣለሁ።»

በክሊኒኩ የነበረችው ሐኪም ዶክተር ዲልባር ፀጉሯ የሸበተ፣ ንግግሯ ቁርጥ ያለ ሴት ነበረች። ሆዚያት አማንጆንን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ከምራታቸው ጎን እንደ ዘብ ቁጭ አሉ።

«ስንት ወለድሽ?» አለች ሐኪሟ።

ኢኖባት አፏን ሳትከፍት ሆዚያት፣ «አንድ። ይኸው፣ አላህ ያሳድገው» አሉ።

ኢኖባት ወለሉን አየች። የኔ አይደለም ማለት ነበረባት። ልጁ ግን እዚያው ተቀምጦ ወደ እሷ እጁን ይዘረጋል፤ እሷም በመናገር ፈንታ እጁን ያዘችው።

ደም ተወሰደ። ከቀናት በኋላ ውጤቱ ሲመጣ የወተት ሆርሞኗ ከልኩ ጥቂት ብቻ ከፍ ብሎ ተገኘ። ዶክተር ዲልባር፣ «ለአጥቢ ሴት ያለ ነገር ነው» አለች። «ደምሽም ትንሽ አንሷል። እንቅልፍ የለሽም፣ ድካም ነው። የደም ማነስ መድኃኒት ውሰጂ፣ ለዓይንሽ መነጽር ይታዘዝልሻል።»

በመንገድ ላይ ሆዚያት ፊታቸው በርቶ፣ «አላልኩሽም? ያለ ነገር ነው አለች!» እያሉ ተመለሱ። መነጽሩም ተሠራ። ሆልማት አፍንጫዋ ላይ ሲያየው፣ «እህስ?» አላት።

«መሃሉ ጠርቷል።»

«ዳሩስ?»

«ዳር የሚባል የለም።»

«እንግዲያው እኔን ይበልጥ ጥርት አድርገሽ ታዪኛለሽ ማለት ነው። ይህ ደግሞ ላንቺ ቅጣት ነው» ብሎ ሊያስቃት ሞከረ፤ ሳቀችም። ግን ልቧ አላረፈም። መድኃኒቱን እየዋጠች ጥቂት ሳምንታት ጠበቀች፤ መጋረጃው ወደ መሃል መጠጋቱን ቀጠለ። ልጁን ለብቻዋ ማጠብ ፈራች። ወፍራም ክር እንጂ ቀጭኑን ኡስታ ዞኪር አይሰጣትም።

አንድ ቀን የቀትር ስግደቷን ጨርሳ፣ ፊቷን ወደ ቀኝ ወደ ግራ መልሳ ሰላምታ ከሰጠች በኋላ ከምንጣፏ ሳትነሣ ቆየች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እሷ በሽታዋን አልደበቀችም፤ ዓይኔ፣ ራሴ ብላለች። የደበቀችው ሌላ ነገር ነው። ሐኪሟ የፈረደችው በተነገራት ነገር ላይ ነው፤ የተነገራት ደግሞ ውሸት ነው። ኢኖባት ያንን ስታስብ ፈራች፣ ቀጥሎ ግን ፍርሃቱ ራሱ መንገድ አሳያት። ምንጣፏን አጥፋ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጠመጠመች።

«አባቱ» አለችው ሆልማትን፣ «ልጁን ያዝልኝ። ወደ ዶክተሯ ልሄድ ነው። ብቻዬን።»

«እማዬን ልንገራት?»

«ከሄድኩ በኋላ።»

ዶክተር ዲልባር ሌላ ታካሚ ሸኝታ እጇን ስትታጠብ ነበር ኢኖባት የገባችው። ወንበሩ ላይ ሳትቀመጥ ተናገረች፤ ብትቀመጥ የማትናገረው መስሏት ነበር።

«ዶክተር፣ እኔ አልወለድኩም።»

«ምን አልሽ?»

«ያ ልጅ ከሆዴ አልወጣም። የባለቤቴ ወንድም ልጅ ነው፤ እናቱ ስትወልደው ሞተች። እኔ አርግዤ አላውቅም።»

ሐኪሟ እጇን እንኳ ሳታደርቅ ዞረች። «ወተቱስ?»

«እሱ ከመወለዱ ከዓመት በፊት ጀምሮ ነበረ። የወር አበባዬም ያኔ ነው የቀረው።»

«ታዲያ ለምን ዋሻችሁኝ? እኔ ጠንቋይ ነኝ? ባልሰማሁት ነገር ምን ብዬ ልፍረድ?» ሐኪሟ ተቆጣች፤ ድምፅዋ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ።

«የኔ አይደለም ለማለት አፌ እምቢ አለኝ» አለች ኢኖባት። «ልጁ ያየኝ ነበር።»

ዶክተር ዲልባር ፎጣውን አንሥታ እጇን ቀስ ብላ አደረቀች፤ ወንበር ስባም ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። «ነይ እህቴ። አፍንጫዬን እዪ። ዓይንሽን እንዳታንቀሳቅሺ።» ሁለት እጆቿን ዘርግታ ጣቶቿን እያንቀሳቀሰች ከጎን ወደ ፊት አመጣቻቸው። «ሲታይሽ ንገሪኝ።»

ኢኖባት ቆየች። በጣም ቆየች። «አሁን» ስትል የሐኪሟ ጣቶች ከሐኪሟ ጉንጭ ብዙም አልራቁም ነበር።

«ያ ረቢ» አለች ዶክተር ዲልባር ለራሷ። ከዚያ የቀድሞውን ውጤት አውጥታ አየችው፤ ግንባሯን አኮሳተረች። «ያልወለደች፣ ወተት የሚፈስሳት፣ ዳር የማይታያት... ታዲያ ይህ ደም ለምን ጥቂት ብቻ ከፍ አለ?» ትንሽ አሰበችና ስልኩን አንሥታ ላቦራቶሪውን ጠራች። «አዲስ ደም ልልክላችሁ ነው። እንዳለ ለኩት፤ ከዚያ መቶ እጅ አቅጥናችሁ እንደገና ለኩት። አዎ፣ መቶ እጅ!»

ኢኖባት አልገባትም፤ ጠየቀች።

«ሸማኔ ነኝ አላልሽኝም? ማቅለሚያ ቤት ትገቢያለሽ አይደል?»

«እንዴት አልገባም?»

«ወፍራም ቀለም በጋን ውስጥ ሲሆን ምን ይመስላል?»

«ጥቁር። ቀዩም ሰማያዊውም ሁሉም ጥቁር ነው። አንድ ጠብታ ንጹህ ውሃ ላይ ሲያደርጉት ነው የሚለየው።»

«በቃ። ሆርሞኑ ከመጠን በላይ ሲበዛ መሣሪያው ይታፈንና ትንሽ ነው ብሎ ይናገራል። ብዛቱ ራሱ ይደብቀዋል። አጥቢ ናት ስትሉኝ ደግሞ ያ ትንሽ ነገር ልክ መሰለኝ። ሁለት መጋረጃ ተደራረበብኝ።»

የቀጠነው ደም ሲለካ ቁጥሩ የትየለሌ ሆነ። ፌርጋና ከተማ ወስደው ራሷን በትልቁ የማግኔት መሣሪያ ፎቶ አነሡት። ዶክተር ዲልባር ፎቶውን መስኮት ላይ ለጥፋ በጣቷ አሳየቻት። ከዓይኖቿ ኋላ፣ ከአንጎሏ ሥር፣ ባቄላ የምታህል እጢ መኖር በሚገባት ቦታ የእርግብ እንቁላል የሚያህል እባጭ ተቀምጧል። ወደ ላይ እያደገ የዓይኗን ጅማቶች እርስ በርስ ከሚሻገሩበት ላይ ተጭኗቸዋል።

«ካንሰር አይደለም» አለች ሐኪሟ ገና ሳትጠየቅ። «ቢላም አያስፈልገው ይሆናል። በሳምንት ሁለቴ የሚዋጥ ኪኒን አለ፤ ብዙዎች ላይ እባጩን ያሟሽሸዋል። ቶሎ ከጀመርሽ ዓይንሽ ይመለሳል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። የወር አበባሽም ይመለሳል። ማን ያውቃል፣ ልትወልጂም ትችያለሽ።»

ኢኖባት ይህን ሁሉ ሰማች። የጠየቀችው ግን አንድ ነገር ነው።

«ወተቱስ?»

«ወተቱን የሚያመጣው እኮ እባጩ ነው። ይደርቃል።»

«ባልውጠውስ?»

«መጀመሪያ ዳሩ፣ ከዚያ መሃሉም ይሄዳል። ኋላ ብትውጪውም ላይመለስ ይችላል።»

ኢኖባት የመድኃኒቱን ማዘዣ ተቀብላ አመሰገነች። በአውቶቡስ ስትመለስ መስኮቱን ተደግፋ የእንጆሪ ዛፎቹን ሳይሆን የራሷን ጭን ስታይ ነበር፤ ልጁ የሚተኛበትን ቦታ። ወተቱ ቢደርቅ ማህፊራት ይመጣሉ። ባይደርቅ ልጁን አታየውም። ማርጊላን ስትደርስ መድኃኒት ቤት ገብታ ኪኒኑን ይዛ ወጣች።

ሆዚያት ሰምተው ምንጣፉ ላይ ዘፍ አሉ። «ደረስሽበት! ነካሽው! አላህ የሰጠሽን...»

«እማማ» አለች ኢኖባት፤ ከዚህ ቀደም አማቷን አቋርጣ አታውቅም። «አላህ ልጁን ሰጠኝ። ወተቱ የበሽታ ነው። ራሴ ውስጥ ያለው እባጭ ነው ያመጣው።»

«በበሽታ ልጅ ይጠባል?»

«ጠባ እኮ! እሱም የሱ ጥበብ ነው፤ አመሰግነዋለሁ። አሁን ግን ሐኪሙንም ኪኒኑንም የሰጠኝ ያው እሱ ነው። እውር ሆኜ ልጅ አላሳድግም።»

«ማህፊራትስ?»

«ለእሳቸው እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

«አብደሻል እንዴ! ጡጦ እየሰጠን ዝም እንላለን፤ ማን ያውቃል?»

«አንድ ጊዜ ዝም ብለን ምን እንደሆንኩ አዩ።»

ሆዚያት ፊታቸውን አዞሩ። ኢኖባት ስኒ ሻይ ቀድታ፣ ቢስሚላህ ብላ፣ እዚያው ፊታቸው ኪኒኑን ዋጠችው።

የመጀመሪያው ሰሞን አቅለሸለሻት፤ ስትነሣ ራሷን ያዞራት ነበር። አማንጆን ጡቱን ስቦ ስቦ ሲያጣ ተቆጥቶ በጥርስ በሌለው ድዱ ነከሳት፤ እሷም አብራው አለቀሰች። ጡጦውን ደረቷ ላይ አስጠግታ መስጠት ጀመረች፤ ሽታዋ እንዳይለየው። ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን በር ላይ ተቀምጣ ባቄላ ስትለቅም፣ በግራዋ በኩል አበባማ መሐረብ ሲንቀሳቀስ አየች።

«ኩምሪ፣ ነይ ግቢ! ሰላም ሳትይኝ ልታልፊ ነው?»

ኩምሪ ቆመች። «ውይ! ዛሬስ አንገትሽ ዞረ!»

«አንገቴ አልዞረም፤ ዓይኔ ነው የዞረልኝ» አለች ኢኖባት፤ ተነሥታም ኩምሪን አቅፋ ጉንጯን ሳመቻት። ኩምሪ ምን እንዳገኛት አልገባትም። ኢኖባት ግን ዛፉን እያየች የግቢውን በር፣ የጉድጓዱን ባልዲ፣ የምድጃውን ጢስ በአንድ ጊዜ አየች፤ አልሐምዱሊላህ እያለች ቆመች።

ወተቱ ጨርሶ የደረቀ ለታ ስልኩን አነሣች።

«ማህፊራት እናቴ፣ ኢኖባት ነኝ። ወተቴ ደርቋል። ከሰው ከሚሰሙት ከኔ ይስሙት ብዬ ነው።»

«እመጣለሁ» አሉ ማህፊራት።

በመጡበት ቀን ሆዚያት ለማንም ሳይናገሩ የሰፈሩን ሴቶች ሃይማኖት የሚያስተምሩትን አሮጊት፣ ኦቲን ማስቱራን አስጠሩ። ኦቲን ትራስ ተደግፈው ሻዩን ፉት አሉ። አማንጆን ኢኖባት እግር ሥር የዳቦ ቅርፊት ያኝካል።

«ኦቲን፣ ይፍረዱልን» አሉ ሆዚያት ቶሎ ብለው። «ይህ ልጅ ከምራቴ ጡት ጠብቷል። እናቱ ናት ወይስ አይደለችም?»

«ስንት ጊዜ ጠባ?»

«በረከት ይቆጠራል እንዴ!»

ኦቲን ሳቁ። «በእኛ የሃይማኖት ሥርዓት አንድ ጊዜም ይበቃል። ወለደችም አልወለደችም፣ ወተቱ የበሽታም ይሁን የጤና፣ የጡት እናቱ ናት። ወተት ስለደረቀ ይህ አይፋቅም።» ሆዚያት ፊታቸው በራ። ኦቲን ግን እጃቸውን አነሡ። «ቆዪ፣ አልጨረስኩም። የጡት እናትነት አንድ ነገር ነው፤ ልጅ ማሳደግ ሌላ ነው። እናት ስትሞት የእናት እናት ትቀድማለች። ማህፊራት እወስደዋለሁ ካለች መብቷ ነው። ዋሽቼ ላስደስትሽ አልችልም።»

የሆዚያት ፊት እንደ ዱቄት ነጣ። ኢኖባት ግን አላለቀሰችም፤ እንዲህ ሊባል እንደሚችል አውቃ ነበር ስልኩን ያነሣችው። ማህፊራትን ቀና ብላ አየቻቸው።

«እንዳይወስዱብኝ እለምንዎታለሁ» አለች። «ቢወስዱብኝ ግን ናማንጋን ድረስ በየሳምንቱ እመጣለሁ። በር ቢዘጉብኝ በር ላይ እቀመጣለሁ። ልጄ ነው።»

ማህፊራት የመሐረባቸውን ጫፍ በጣታቸው እየጠቀለሉ ቆዩ። «ለምን ራስሽ ነገርሽኝ?» አሉ። «ዝም ብትይ እኔ አላውቅም ነበር። ይህን ሁሉ መንገድ እያሰብኩት ነው የመጣሁት።»

«ዋሽቼ ዓይኔን ላጣ ነበር። በውሸት ባሳድገው ደግሞ ምን እንደማጣ አላውቅም።»

ማህፊራት ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንባቸው ወረደ። «ሙኒሴ... እግሯ አብጦ ነበር። ራሷን ያማት ነበር። በስልክ በጠየቅኳት ቁጥር፣ ደህና ነኝ እማዬ፣ ደህና ነኝ። ሐኪም ሲጠይቃትም ደህና ነኝ። ሰው አላስቸግርም እያለች ሄደች።» ልጁን አንሥተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት፤ ጸጉሩን አሸተቱት። «እኔ አርጅቻለሁ። ሲያመው አሞኛል ብሎ የሚናገር ሰው ያሳድገው። እዚሁ ይሁን።»

ሆዚያት ጮኸው ሊያቅፏቸው ተነሡ።

«ቆይ ቆይ፣ ነገር አለኝ!» አሉ ማህፊራት። «በጋ በጋ እኔ ጋ ይመጣል። ደግሞ የወለደችው ማን እንደሆነች ይነገረው። ዓይን ይበላዋል እያላችሁ ልጄን ሁለቴ እንዳትቀብሯት።»

ሆዚያት አንገታቸውን ደፉ። «እሺ» አሉ፤ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወራት በኋላ፣ «ሙኒስ ይህን ዳቦ ትወደው ነበር» ብለው ከፊታቸው ያለውን ቆርሰው ለማህፊራት ሰጧቸው።

ኢኖባት ልጁን ተቀበለች። አፉ ዙሪያ የዳቦ ፍርፋሪ ነበር፤ በእጇ ጠረገችለት።

«ስማ አማንጆን» አለችው፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። «አንተን የወለደችህ ሙኒስ ትባላለች። እኚህ የሷ እናት ናቸው። እኔ ደግሞ ኢኖባት ነኝ፤ ያጠባሁህ።»

አማንጆን መነጽሯን ከአፍንጫዋ ላይ መንጭቆ አፉ ውስጥ ሊከተው ሞከረ።